የሆኩሌአ ሸራ፤ ለአንዲት ጥንድ ታንኳ የተደረገ የሸራ ምርጫ ታሪክ

ሜይ 1 ቀን 1976 ከሃዋይ ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ከማዊ፥ ሆኖሉዋ ከተባለው የባሕር ዳርቻ፥ አንዲት ታንኳ ተነሥታ ወደ ደቡብ አመራች። ታንኳይቱ በእውነቱ አንዲት ሳትሆን ሁለት ነበረች፤ ይኸውም ጎን ለጎን ሆነው በአግዳሚ ግንዶችና በገመድ የተጣመሩ ሁለት ረዣዥም አካላት ነበሯት። ሞተር አልነበራትም። አቅጣጫዋን የሚመራው ሰው በኮምፓስም ሆነ በካርታ አልተጠቀመም። መድረሻዋ ታሂቲ ስትሆን በመካከል ያለው ርቀት ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ስለዚህች ታንኳ፥ ስለ ሆኩሌአ፥ ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው ጽሑፍ የሚያተኩረው በከዋክብትና በማዕበል እየተመለከተ በመራት በማው ፒያይሉግ ጥበብ ላይ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ለመሐንዲስ ግን ከጉዞው በፊት በነበሩት ዓመታት የተወሰነ አንድ ሌላ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የሸራዋ ምርጫ ነው። በዚያን ጊዜ ወደ ነፋስ አቅጣጫ በመውጣት ረገድ እጅግ የተሻለ ሸራ በእዚያው በሃዋይ ወደቦች ይታይ ነበር። የታንኳይቱ ሠሪዎች ግን ይህን ሸራ እያወቁ ተዉት። ለምን እንደ ተዉት፥ ምርጫቸውም ምን እንዳስገኘና ምን እንዳስከፈለ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የክርክሩ መነሻ

እንግሊዛዊው ካፒቴን ጄምስ ኩክ በ18ኛው መቶ ዓመት በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ሲዘዋወር፥ ከኒው ዚላንድ እስከ ሃዋይና እስከ ፋሲካ ደሴት ድረስ ተበታትነው የሚኖሩት ሕዝቦች ቋንቋቸው የሚቀራረብ፥ ልማዳቸውም የሚመሳሰል መሆኑን ተመልክቶ እጅግ ተደነቀ። እነዚህ ሰዎች ብረት አያውቁም ነበር፤ ታንኳዎቻቸውን የሚጠርቡት በድንጋይና በቀንድ አውጣ ቅርፊት መሣሪያ ነበር። ታዲያ ይህን ያህል ሰፊ ባሕር እንዴት ተሻገሩት? ኩክ በ1769 በታሂቲ የተዋወቀው ቱፓያ የተባለ ካህንና መርከበኛ ለዚህ ከፊል መልስ ሰጥቶታል። ምንም እንኳ በዚያ አካባቢ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ ቢነፍስም፥ ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ባሉት ወራት ከምዕራብ የሚነፍስበት ጊዜ እንዳለና ሕዝቡም ይህን ዐውቆ እንደሚጠቀምበት አስረድቶታል።

ይሁን እንጂ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ሁሉ በዚህ መልስ አልረኩም። በ1947 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ኮን ቲኪ በተባለ የበለሳ ግንድ መወጣጫ ከፔሩ ተነሥቶ፥ ነፋስና የባሕር ሞገድ እየገፋው ከ101 ቀን በኋላ ከፖሊኔዥያ ደሴቶች ከአንዷ ደረሰ፤ በዚህም የፖሊኔዥያ ሰዎች የመጡት ከአሜሪካ ነው የሚለውን ሐሳቡን ለማጠናከር ሞከረ። በ1956 ደግሞ የኒው ዚላንዱ ጸሐፊ አንድሩ ሻርፕ በመጽሐፉ ላይ፥ የጥንት ታንኳዎች ከ300 ማይል ያህል አልፈው በሐሳብ ተጉዘው ሊመለሱ እንደማይችሉ፥ ሩቆቹም ደሴቶች የተገኙት መንገድ በጠፋባቸውና ነፋስ በወሰዳቸው ሰዎች መሆኑን ገለጸ።

የሁለቱ ሐሳብ መነሻው ቢለያይም በአንድ ነገር ይስማማል፤ ይኸውም የፖሊኔዥያ ታንኳ ነፋስን ተቃውሞ ለመሄድ የማይችል ዕቃ ነው የሚል ነው። ለሃዋይ ተወላጆች ይህ የታሪክ ተመራማሪዎች ክርክር ብቻ አልነበረም። አባቶቻቸው ከሃዋይ ወደ ታሂቲ፥ ከታሂቲም ወደ ሃዋይ ይመላለሱ እንደ ነበረ የሚናገረው የአፍ ታሪካቸው ተረት ነው መባሉ ነበር።

በ1973 ሌቪሰን፥ ዋርድና ዌብ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች የነፋሱንና የባሕሩን ሞገድ መዛግብት ለኮምፒውተር አቅርበው ከ100,000 በላይ የተንሳፈፉ ጉዞዎችን በሂሳብ አስኬዱ። ውጤቱም እንዲያው በመንሳፈፍ ከቀሩት የፖሊኔዥያ ደሴቶች ሃዋይ መድረስ ከቶ የማይሆን ነገር መሆኑን አመለከተ። እንግዲህ ሰዎቹ ሃዋይ የደረሱት እየመሩ ከሆነ፥ የቀረው ጥያቄ ስለ ዕቃው ነው። እንደዚያ ያለች ታንኳ፥ እንደዚያ ያለ ሸራ ይዛ፥ ወደ ነፋሱ ምን ያህል ልትወጣ ትችላለች? ይህ ደግሞ በመጻሕፍት ሙግት ሳይሆን በልኬት ብቻ የሚፈታ ጥያቄ ነው።

የጥንድ ታንኳ ጠባይ

ሸራ ለብቻው የሚመረጥ ነገር አይደለም፤ ምርጫው የሚወሰነው በሚሸከመው አካል ጠባይ ነው። ባለ አንድ አካል የሸራ ጀልባ ከሥሯ እርሳስ ወይም ብረት ትይዛለች። ነፋስ ሲበረታ ወደ ጎን ትዘነበላለች፤ ስትዘነበልም ሸራው ከነፋሱ ጎንበስ ይላል፥ ከሥር ያለውም ክብደት ወደ ጎን ወጥቶ ወደ ቦታዋ ይመልሳታል። ስለዚህ መዘንበሏ ለመርከበኛው ማስጠንቀቂያ፥ ለሸራው ደግሞ መተንፈሻ ነው።

ጥንድ ታንኳ ግን ከሥሯ ክብደት የላትም። ቀጥ ብላ እንድትቆም የሚያደርጋት የሁለቱ አካላት መራራቅ ነው። ከነፋሱ ማዶ ያለውን አካል እንደ መደገፊያ ብንወስደው፥ ከፍተኛው የማቃናት ጉልበት ጠቅላላው ክብደት በሁለቱ አካላት መካከል ባለው ርቀት ግማሽ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ለስሌት ያህል ጠቅላላ ክብደቷ 10 ቶን፥ የአካላቱ መራራቅ 3 ሜትር የሆነች ታንኳ ብንወስድ ከፍተኛው ጉልበት 15 ቶን ሜትር ይሆናል። የሸራው ኀይል የሚያርፍበት ነጥብ ውሃው ጎኗን ከሚደግፍበት ነጥብ በላይ 6 ሜትር ከሆነ፥ ታንኳይቱ ልትሸከም የምትችለው የጎን ኀይል 2.5 ቶን ነው። ይኸው ነጥብ ወደ 4.5 ሜትር ዝቅ ቢል 3.3 ቶን ለመሸከም ትችላለች።

ዋናው ነገር ይህ ከፍተኛ ጉልበት የሚገኘው በጥቂት ዲግሪ መዘንበል፥ ማለትም በነፋሱ ወገን ያለው አካል ከውሃው ሊለቅ ሲል መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲያ ጉልበቱ እየጨመረ ሳይሆን እየቀነሰ ይሄዳል። የነፋስ ኀይል ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፥ የነፋሱ ፍጥነት በ40 በመቶ ሲጨምር ኀይሉ እጥፍ ያህል ይሆናል። ከዚህም የተነሣ ጥንድ ታንኳ አደጋው ከደጃፏ እስኪደርስ ድረስ ጸጥ ብላ ትቆማለች፤ ከተገለበጠች በኋላም ተገልብጣ መቆየት ለእርሷ የጸና አቋም ነው። እንግዲህ ለእንዲህ ዓይነት ታንኳ ሸራ የሚመርጥ ሰው፥ ሸራው ምን ያህል ይጎትታል ብሎ ከመጠየቁ ጋር፥ ነፋሱ ሲበዛ በምን ያህል ፍጥነት ይታጠፋል ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ለምርጫ የቀረቡት ሁለት ዓይነት ሸራዎች

የመጀመሪያው በዘመናዊ የሸራ ጀልባዎች ላይ የሚታየው ረጅሙ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ ነው። በሃዋይ ይህ ሸራ ለጥንድ አካል እንግዳ አልነበረም። በ1947 ውዲ ብራውን የተባለ ሞተር የሌለው አውሮፕላን አብራሪ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ማኑ ካይ የተባለችውን ቀላል ጥንድ ጀልባ በእዚያው በሃዋይ ሠርቶ ነበር፤ ጀልባይቱም በፍጥነቷ ዝና አትርፋለች። የዚህ ሸራ ብልጫ ቀጭንና ረጅም በመሆኑ ወደ ነፋሱ ጠበብ ባለ ማዕዘን ለመውጣት መቻሉ ነው። ለዚህ ግን ረጅም ምሰሶ ይፈልጋል። ምሰሶውን የሚይዙት የሽቦ ገመዶች በብርቱ መወጠር አለባቸው፤ የገመዱም ውጥረት ምሰሶውን ወደ ታች እየተጫነ ሁለቱን አካላት የሚያገናኘውን ግንድ መካከሉ ላይ ያጎብጠዋል። ስለዚህ ይህን ሸራ የሚሸከም ማዕቀፍ ግትር መሆን ይኖርበታል።

ሁለተኛው በኩክ ሦስተኛ ጉዞ ላይ የነበረው ሠዓሊ ጆን ዌበር በሃዋይ ያየውን ሲሥል ያስቀረው፥ በደሴቶቹም ዐለቶች ላይ ተቀርጾ የሚገኘው የጥንቱ ሸራ ነው። ከግርጌው ጠባብ ሆኖ ወደ ላይ እየሰፋ ይሄዳል፤ ራስጌው እንደ ጨረቃ ወደ ውስጥ የጎደለ ነው። በአንድ ወገን ከምሰሶው ጋር በታሰረ ዘንግ፥ በሌላው ወገን ደግሞ ወደ ላይ በተቆለመመ ዘንግ ይወጠራል። በቅርጹ ምክንያት የሸርጣን መቆንጠጫ እየተባለ ይጠራል። በጥንት ዘመን የሚሠራው ከፓንዳነስ ቅጠል በተጎነጎነ ሰሌን ነበር።

ይህ ሸራ ረጅም ምሰሶም ሆነ ብርቱ ውጥረት አይፈልግም። ይህም በአጋጣሚ የመጣ ጠባይ አይደለም። የፖሊኔዥያ ታንኳ አንድም ምስማር ሳይገባባት በገመድ የምትታሰር ስለሆነች፥ ማዕበል ሲመታት መጋጠሚያዎቿ በመጠኑ ይላወሳሉ፤ ኀይሉም በአንድ ነጥብ ሳይጠራቀም በብዙ ማሰሪያዎች ላይ ይከፋፈላል። በምትላወስ ታንኳ ላይ በብርቱ የተወጠረ ገመድ ቢደረግ አንዴ ይላላል፥ አንዴ ይበጠሳል። እንግዲህ የሸርጣን መቆንጠጫው ሸራና በገመድ የታሰረው ማዕቀፍ አንዱ ለሌላው የተሠራ አንድ ሥርዓት ናቸው። ከዚህም በላይ ነፋስ ሲበረታ የተቆለመመው ዘንግ በአንድ ገመድ ወደ ምሰሶው ሲሳብ ሸራው እንደ ወፍ ክንፍ ይታጠፋል። ከላይ የተነሣው የመታጠፍ ጥያቄ በዚህች ገመድ መልስ አግኝቷል።

ናሌሂያ፤ የመጀመሪያው ልኬት

አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ቤን ፊኒ የሻርፕን መጽሐፍ በመቃወም ብቻ አልረካም። በ1966 በካሊፎርኒያ ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ የሃዋይን የቀድሞ ታንኳ ቅርጽ በመከተል 12 ሜትር ያህል ርዝመት ያላትን ጥንድ ታንኳ ሠርቶ ወደ ሃዋይ አመጣት። ናሌሂያ ትባላለች። ባለ መቆንጠጫ ሸራዋን ይዛ በተደረገላት ሙከራ ነፋስን በመጠኑ ተቃውማ ልትሄድ እንደምትችል ታወቀ። ሆኖም የአካሎቿ ሆድ ክብና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ወደ ጎን ትንሸራተት ነበር።

የናሌሂያ ጥቅም ጉድለቱን ለይቶ ማሳየቷ ነው። ወደ ነፋስ መውጣት የሸራ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ሸራው ወደ ጎን ሲገፋ ውሃውን ተደግፎ የሚቃወም አካል ያስፈልጋል። ስለዚህ ለረጅሙ ጉዞ የምትሠራው ታንኳ የአካሏ ሆድ ጠለቅ ያለ መሆን እንደሚገባው ግልጽ ሆነ። ሸራውን ሳይለውጡ አካሉን ማሻሻል ይቻል ነበር፤ እንዲህ ያለውም አካል በሌሎች የፖሊኔዥያ ደሴቶች የጥንት ታንኳዎች ላይ ይገኛል።

ሆኩሌአ

በ1973 ፊኒ፥ ሠዓሊው ኸርብ ኬንና የባሕር ሰው የነበረው ቶሚ ሆምስ የፖሊኔዥያ የባሕር ጉዞ ማኅበርን መሠረቱ። በኬን ንድፍ የተሠራችው ታንኳ በማርች ወር 1975 ከባሕር ገባች። ሆኩሌአ ማለት የደስታ ኮከብ ማለት ነው፤ ይህም በሃዋይ አናት ላይ የሚያልፈው ኮከብ ስም ነው። ርዝመቷ 19 ሜትር፥ ስፋቷ 4.7 ሜትር ያህል ሲሆን በሁለት ምሰሶዎች ላይ በድምሩ 50 ካሬ ሜትር ያህል ሸራ ትይዛለች። የሸራውን ስፋት ለሁለት ከፍሎ በሁለት አጫጭር ምሰሶዎች ላይ ማድረግ የኀይሉን ማረፊያ ዝቅ ያደርጋል፤ የዚህም ጥቅም ከላይ በቀረበው ስሌት ታይቷል።

በእንጨቱ በኩል ግን ሠሪዎቹ ከጥንቱ ተለይተዋል። አካሎቿ ከኮምፔንሳቶ፥ ከፋይበር ግላስና ከሙጫ የተሠሩ ናቸው። ሸራዋም በጉዞው ጊዜ ከሰሌን ሳይሆን ከወፍራም ጨርቅ የተሰፋ ነበር። ይህን አይተው የነቀፉ ሰዎች አልጠፉም። ነገር ግን ሠሪዎቹ አንድ ደንብ አስቀምጠው ነበር፤ ይኸውም የታንኳይቱን አካሄድ የሚወስን ነገር ሁሉ እንደ ጥንቱ ይሁን፥ አካሄዷን የማይወስነው ግን በሚገኘው ነገር ይሠራ የሚል ነው። የአካሉ ቅርጽ፥ የሸራው ቅርጽና ስፋት፥ የክብደቱ መጠን፥ የገመዱ አስተሳሰር አካሄድን ይወስናሉ። የአካሉ ሰሌዳ ከግንድ መጠረቡ ወይም ከኮምፔንሳቶ መገጣጠሙ ግን ቅርጹና ክብደቱ እስከ ተጠበቀ ድረስ ወደ ነፋስ የምትወጣበትን ማዕዘን አይለውጥም።

ደንቡ በአንድ ቦታ ላላ ብሏል ቢባል ሐሰት አይሆንም። ጨርቅ ከሰሌን ይልቅ ነፋስ አያሳልፍም፤ ቅርጹንም በተሻለ ይጠብቃል። ስለዚህ በማዕዘን ልኬቱ ላይ ለታንኳይቱ በመጠኑ ሳያደላ አልቀረም። ሆኖም ዋናው ነገር አልተነካም፤ ረጅሙን ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ አልወሰዱም። ይህን ቢያደርጉ ኖሮ ታሂቲ በቀላሉ መድረስ ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን መድረሳቸው ምንም ነገር አያስረዳም ነበር። የተጠየቀው እንዴት ፈጥነን እንድረስ የሚል ሳይሆን አባቶች ይችሉ ነበር ወይ የሚል ነበርና።

የጉዞው ሂሳብ

በሙከራ እንደ ታወቀው ሆኩሌአ ነፋስ ከሚመጣበት አቅጣጫ እስከ 75 ዲግሪ ያህል ተጠግታ ልትሄድ ትችላለች። ይህ ዝቅተኛ ውጤት ነው። በ75 ዲግሪ 100 ኪሎ ሜትር የሄደች ታንኳ ወደ ነፋሱ ምንጭ የምትጠጋው 26 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በ45 ዲግሪ የሚሄድ ዘመናዊ ጀልባ ግን በዚያው ርቀት 71 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በሌላ አነጋገር ሆኩሌአ በቀጥታ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ እየተመላለሰች 386 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ይኖርባታል። በዚህ አኳኋን ውቅያኖስ አይሻገሩም።

ይሁን እንጂ የሃዋይና የታሂቲ መንገድ በቀጥታ ወደ ነፋስ የሚወጣ መንገድ አይደለም። ታሂቲ ከሃዋይ በስተ ደቡብ፥ በመጠኑም በስተ ምሥራቅ ትገኛለች። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን የንግድ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ በኩል፥ በስተ ደቡብ ደግሞ ከደቡብ ምሥራቅ በኩል ይነፍሳል። ነፋሱ በስተ ሰሜን ከምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ እየመጣ ነው ብለን ብንነሣ፥ ከዚህ 75 ዲግሪ ያህል ርቃ የምትሄድ ታንኳ ጉዞዋ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያዘነብላል። ከምድር ወገብ አልፋ ነፋሱ ከምሥራቅ ደቡብ ምሥራቅ ሲሆን ግን በዚያው 75 ዲግሪ ከደቡብ በመጠኑ ወደ ምዕራብ ትሳባለች። እንግዲህ በደቡቡ ግማሽ የምታጣውን ምሥራቅ በሰሜኑ ግማሽ አስቀድማ ማጠራቀም አለባት። ይህን ካላደረገች ከታሂቲ በስተ ምዕራብ ታልፋለች፤ ወደ ኋላ ለመመለስም ከላይ የተመለከተውን 386 ኪሎ ሜትር መክፈል ይኖርባታል።

የሸራው ድካም በመንገድ ምርጫ የሚካሰው በዚህ ነው። 75 ዲግሪ ለሁሉም አቅጣጫ አይበቃም፤ ለዚህ አቅጣጫ ግን ይበቃል። ከነፋሱ ጎን ለጎን ለመሄድ ደግሞ የመቆንጠጫው ሸራ ደካማ አይደለም።

ማው ፒያይሉግ ከማይክሮኔዥያ፥ ሳታዋል ከምትባል ትንሽ ደሴት የመጣ ሰው ነበር፤ ምክንያቱም በሃዋይ ያለ መሣሪያ ባሕር የመምራት ዕውቀት ጠፍቶ ነበር። ካዊካ ካፓሁሌሁዋ በካፒቴንነት ያዘዛት ታንኳ በምድር ወገብ አካባቢ ነፋስ ጸጥ በሚልበት ቀበቶ ዘግይታ፥ ከዚያም የደቡቡን ነፋስ አግኝታ ማታይቫ ከተባለች ደሴት ደረሰች። ጁን 4 ቀን 1976 ፓፔኤቴ ወደብ ስትገባ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በባሕሩ ዳር ቆሞ ተቀበላት። ልኬቱ ተፈጸመ። የጥንቱ ሸራ ይበቃ ነበር።

አደጋውና ትምህርቱ

ደስታው ሳይበርድ ሁለተኛው ጉዞ ተሰናዳ። ማርች 16 ቀን 1978 ሆኩሌአ ከባድ ጭነት ይዛ፥ አጃቢ ጀልባ ሳይከተላት፥ በብርቱ ነፋስ ከሆኖሉሉ ተነሣች። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው፥ ያለፈው ጉዞ መቃናት የሚመጣውን አደጋ ሸፍኖ ነበር። ከነፋሱ ማዶ ያለው አካል ውሃ እየገባበት ከበደ፤ እኩለ ሌሊት ገደማ ታንኳይቱ ከሞሎካይ ደሴት አጠገብ ተገለበጠች። መርከበኞቹ በተገለበጠው አካል ላይ ተንጠላጥለው አደሩ። ከእነርሱ አንዱ፥ በባሕር ዳር የሰው ሕይወት በማዳን ሥራው የታወቀው የ31 ዓመቱ ኤዲ አይካው፥ ርዳታ ለመጥራት በማዕበል መንሸራተቻ ሰሌዳው ላናይ ወደተባለችው ደሴት ቀዘፈ። ከዚያ ወዲያ አልታየም። የቀሩት ተርፈዋል።

ይህን አደጋ በሸራው ማሳበብ አይቻልም። ነገር ግን የሸራ ምርጫ ስሌት የቆመበትን መሠረት አጋልጧል። ከላይ የቀረበው የማቃናት ቀመር የሚሠራው ከነፋሱ ማዶ ያለው አካል ብቻውን ጠቅላላውን ክብደት መሸከም ሲችል ነው። ወደ ውስጡ የገባ እያንዳንዱ ቶን ውሃ፥ ከመጠን በላይ የተጫነም እያንዳንዱ ቶን ዕቃ፥ ከዚህ የመሸከም አቅም ላይ ይቀነሳል። መደገፊያው ራሱ ከሰጠመ 15 ቶን ሜትር የሚባለው ቁጥር በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል፤ ሸራውን ማጠፍም ጊዜው ካለፈ በኋላ ታንኳይቱን አያድናትም። ቀላል ሆና ለምትንሳፈፍ ዕቃ ጭነት የሸራ ጉዳይ ጭምር ነው።

ማኅበሩ ከዚህ በኋላ ሥራውን አልተወም፤ አሠራሩን ግን ለወጠ። የመርከበኞች ሥልጠና ተጠናከረ፥ በረጅም ጉዞ አጃቢ ጀልባ እንዲኖር ተደረገ፥ ነፋሱ እስኪስማማ መጠበቅም ደንብ ሆነ። ማው ፒያይሉግ ተመልሶ መጥቶ የሃዋዩን ተወላጅ ናይኖአ ቶምፕሰንን አስተማረ። በ1980 ቶምፕሰን ሆኩሌአን ያለ መሣሪያ ወደ ታሂቲ መርቶ መለሳት። ሸራው ያው የመቆንጠጫ ሸራ ነበር።

በኋላ የተገኙ ማስረጃዎች

ከ1985 እስከ 1987 በተደረገው ታላቅ ጉዞ ሆኩሌአ እስከ ኒው ዚላንድ ሄደች። ከዚያም በ1986 ከሳሞአ ወደ ታሂቲ፥ ማለትም በተለመደው ነፋስ ላይ ወደ ምሥራቅ፥ ተጓዘች። ይህን ያደረገችው ሸራዋን በመለወጥ ሳይሆን የምዕራብ ነፋስ የሚነፍስበትን ጊዜ ጠብቃ ነው። ቱፓያ በ1769 ለኩክ የነገረው ይህንኑ ነበር።

ስለ ሸራው ራሱ አዲስ ነገር የተናገረው የፖላንድ ተወላጅ የሆነው የአየር ኀይል ጠበብት ማርሃይ ነው። በነፋስ መሿለኪያ ውስጥ የተለያዩ ሸራዎችን ሞዴሎች አነጻጽሮ፥ የሸርጣን መቆንጠጫው ነፋስ ከጎን ሲመጣ ከረጅሙ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ የበለጠ ኀይል እንደሚያስገኝ አሳይቷል። ምክንያቱም በሁለቱ ጠርዞች ላይ የሚፈጠረው የአየር ሽክርክሪት ነፋሱ ከሸራው ጀርባ ቶሎ እንዳይለቅ ስለሚያደርገው ነው፤ እንደ ኮንኮርድ ያሉ ባለ ሦስት ማዕዘን ክንፍ አውሮፕላኖች በዝቅተኛ ፍጥነት ሲያርፉ የሚሸከማቸው ይኸው ሽክርክሪት ነበር። የሙከራው ሞዴል ከሆኩሌአ ሸራ ጋር በሁሉም ረገድ አንድ ስላልሆነ ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ ለእርሷ መስጠት አይገባም። ቢሆንም ኋላ ቀር ይባል የነበረው ቅርጽ በሰሌን ሠርቶ በገመድ ለሚያስር ሕዝብ ብቻ ሳይሆን ለአየር ጠባይ ሳይንስም ትርጉም ያለው መሆኑ ታውቋል።

የእንጨቱም ጥያቄ ቢሆን ሳይነሣ አልቀረም። ማኅበሩ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሃዋይሎአ የተባለችውን ሌላ ጥንድ ታንኳ በተቻለ መጠን ከተፈጥሮ ዕቃ ብቻ ለመሥራት ሲነሣ፥ በሃዋይ ደኖች ውስጥ ለሁለቱ አካላት የሚበቃ የኮአ ግንድ ፈልጎ አጣ። ግንዶቹን በስጦታ የሰጡት የአላስካ ነባር ሕዝቦች ናቸው። የጥንቱን ዕውቀት ለመመለስ ሸራውንና ከዋክብቱን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ደኑም ያስፈልጋል።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ እንደሚታየው፥ ለጥንድ ታንኳ የትኛው ሸራ ይሻላል የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። ለፍጥነት ውድድር ረጅሙ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ ይሻላል፤ ግን ግትር ማዕቀፍ፥ ቀላል ጭነትና ገመዱን ከእጁ የማይለይ መርከበኛ ይጠይቃል። በገመድ ለታሰረች፥ ጭነት ለምትይዝ፥ መጠገኛ ወደብ በሌለበት ባሕር ለምትሄድ ታንኳ የመቆንጠጫው ሸራ ይስማማታል፤ ግን የነፋሱን ወራትና የመንገዱን ማዕዘን የሚያውቅ መሪ ይጠይቃል። በአንዱ በኩል ዕውቀቱ በዕቃው ውስጥ ተሠርቶ ይገባል፤ በሌላው በኩል በሰው ውስጥ ይኖራል።

የሆኩሌአ ሠሪዎች የደከመውን ሸራ የመረጡት ስለ ናፍቆት አልነበረም። የተጠየቁትን ጥያቄ በትክክል ስለ ለዩ ነበር። የተሻለው መሣሪያ የተሳሳተውን ጥያቄ ይመልስ ነበር። ይህን ሲያደርጉ አንድ ሕዝብ ስለ አባቶቹ የሚናገረው እውነት መሆኑን በባሕር ላይ ለክተው አሳዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ትክክለኛ ሸራ የተሳሳተ ጭነትን እንደማይክስ፥ ባሕሩም ላለፈው ውጤት ምስጋና እንደማይቆጥር በአንድ ሰው ሕይወት ተማሩ። ሆኩሌአ ከ2014 እስከ 2017 ዓለምን ዞራ ወደ ሃዋይ ተመልሳለች። ከኮምፔንሳቶ የተሠሩት አካሎቿ ብዙ ጊዜ ታድሰዋል፥ ማሰሪያ ገመዶቿም ተፈትተው እንደገና ታስረዋል፤ ከሩቅ የሚያያት ሰው ግን ዛሬም የሚለያት በሸራዋ ነው።